ቀኙ ከላይ የተደረበ ኪሞኖ

ሚሳኪ ሱዙኖጆን ወለል ላይ ተዘርሮ ያገኘው አልባሹ ታሄይ ነው። ታሄይ መጀመሪያ ጮኸ፤ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ዊጉን አነሳ፤ ሰውየውን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም አልፈረደበትም። የወደቀ ሰው ይነሳል፤ የተጨፈለቀ ዊግ ግን ተጨፍልቆ ይቀራል።

መርማሪ ኢናሙራ ካንጁሮ የቲያትር ቤቱን ጠባብ ደረጃ ወጥቶ መልበሻ ክፍሉ ሲደርስ፣ በመድረክ ሴት ሆኖ የሚጫወተው፣ ኤዶ ከተማ ከሴቶቿ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ያ ተዋናይ ግማሽ ፊቱን ብቻ ነጭ ተቀብቶ ትራስ ተደግፎ ነበር። ዓይኑ ተከድኗል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

“ተመርዟል?”

“እንጃ ጌታዬ” አለ ታሄይ፣ ዊጉን እንደ ሕፃን ታቅፎ። “ሁለቴ ነቃ። ሁለቴም ያንን አየና ተመልሶ ወደቀ።”

“ያንን” ያለው ከመስተዋቱ ሥር የተደገፈውን የታተመ ሥዕል ነው።

የሻይ ሲኒው ተገልብጧል። የፈሰሰውን ሻይ ግን የቲያትር ቤቱ ድመት ልሳ ጨርሳ፣ መስኮቱ ላይ ወጥታ ጢሟን ታጸዳለች። ኢናሙራ ድመቷን ጥቂት ጠበቃት። አየችውና አዛጋች። መርዝ የሚለውን ሐሳብ እዚያው ጣለው።

ሥዕሉን ወደ ብርሃን አቀረበው። ስም አልተጻፈበትም፤ የአሳታሚ ማኅተምም የለውም። ስም ግን ለማን ይጠቅማል? ሾጠጥ ያለው አገጭ፣ ከግራ ዓይኑ ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ፣ “አሁን አለቅሳለሁ፣ ግን አንተ ፊት አይደለም” የሚሉት ዓይኖች፤ ሱዙኖጆ ነው። የተዋናይ ፊት ማተም በአዋጅ ከተከለከለ ወዲህ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅለው የነበሩት ፊቶች ሁሉ ወርደው፣ በምትካቸው ወፍና አበባ ተሰቅሏል። ስለዚህ ይህ ወረቀት ገና ሲታይ ወንጀል ነው።

ሰውየውን የጣለው ግን አዋጁ አይደለም። በሥዕሉ ላይ የኪሞኖው ቀኝ ወገን በግራው ላይ ተደርቧል። በሕይወት ያለ ሰው ግራውን ከላይ ያደርጋል። ቀኙን ከላይ የሚደርቡለት አጥበው ለሚገንዙት ሬሳ ነው።

“አየህ ጌታዬ? በቁሙ ገነዙት!” አለ ታሄይ፣ እንባው የፊት ዱቄት የነካውን እጁን እያጨቀየው። “ማን ነው እንዲህ የሚጠላው?”

ከታች በር ጠባቂው ሲጠየቅ ደረቱን ነፋ። “ባዕድ ሰው አልገባም! በኔ በር? የቤት ሰው ብቻ ነው የገባ። ዊግ ሠሪው፣ ምሳ አመላላሿ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች። ባዕድ የሚባል ዝንብም አላለፈ።”

“ዝንቧንም ትመዘግባታለህ?”

“አውቃታለሁ ጌታዬ” አለ በር ጠባቂው፣ ሳይስቅ።

* * *

የኢናሙራ አለቃ ቶዶ ወንጀለኛውን ለማግኘት ከምሳ በላይ ጊዜ አልፈጀበትም። የሶባ ቤቷ ባለቤት እትዬ ኦካጂ ጉዳዩን ከትኩሱ የሶባ ፓስታ ጋር አብራ አቀረበችለት።

“እዚሁ አግዳሚ ላይ” አለች። “ሱዙኖጆ ሶባውን እየመጠጠ ‘የሽማግሌው የማንሳኩ እጅ ደክሟል፣ ድሮ ቀረ’ አለ። ያሱኬ ደግሞ የማንሳኩ ልጅ ባል ነው፣ እዚያው ቤት የሥዕል ማተሚያ ሰሌዳ ቀራፂ ነው። ብድግ ብሎ አንገቱን አነቀውና ‘የመጨረሻ ልብስህን እኔ ነኝ የምቀርፅልህ!’ አለው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሰው ሁሉ እነሱን ሲያይ ሶባዬ ቀዘቀዘ።”

ያሱኬ ከመንገድ ላይ ተይዞ መጣ። ለአለቃ ቶዶ ነገሩ አልቋል። የዛተው እሱ፣ ሙያው ቅርፅ፣ ሥዕሉም እንደዛተው የሬሳ ልብስ።

“ነገ ጠዋት ወደ ትልቁ እስር ቤት ይወርዳል” አለው ለኢናሙራ። “ከዚያ በግዞት ወደ ደሴት። ሌላ ሰው ካለህ እስከዚያ አምጣልኝ። ከሌለህ አታድክመኝ።”

ወደ ትልቁ እስር ቤት የወረደ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ፣ ከወጣ ማለት ነው፣ በኤዶ ለልጅ አይነገርም። ደሴቱ ደግሞ መሄጃ እንጂ መመለሻ የለውም።

ኢናሙራ የጥበቃ ቤቷ ውስጥ ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ ታስሮ ከተቀመጠው ሰው ፊት ለፊት ቁጢጥ አለ። ያሱኬ ጣቶቹ በአሮጌ የቢላ ጠባሳ የተዥጎረጎሩ፣ ትከሻ ሰፊ፣ አኩራፊ ሰው ነው።

“አንተ ነህ የቀረፅከው?”

“አዎ።”

“ሰሌዳው የታለ?”

“አቃጠልኩት።”

“የት?”

“ምድጃ ውስጥ ነዋ! እንጨት የት ይቃጠላል?”

“የማነው ቀለሙ? ማን አተመልህ?”

“እኔ። ሁሉንም እኔ። ምን ትጨቀጭቀኛለህ፣ አመንኩልህ አይደል?”

“እሱ ነው የከነከነኝ” አለ ኢናሙራ። “አለቃዬ ሥዕሉን ሳያሳይህ በፊት ‘ምን አደረግሁ፣ ልቀቁኝ’ እያልክ ሰፈሩን ስታናውጥ ነበር። አፍንጫህ ሥር ሲያደርገው ግን አየኸው፤ ፊትህ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ‘እኔ ነኝ’ አልክ። ወረቀቱ ላይ ማንን አየህ፣ ወንድሜ?”

ያሱኬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

“ሚስትህ ዛሬ ነገ ትወልዳለች አሉ።”

“ስለ ሚስቴ አታንሳ።”

“ልጁ አባቱን በወሬ ብቻ ይወቀው?”

ሰፊው ትከሻ አንድ ጊዜ ተነሳና ወደቀ። ሆድ ይፍጀው ብሎ የቆረጠ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በዱላም በልመናም አፉን አታስከፍተውም።

* * *

ኢቺያማ ኮሄይ ሱዙኖጆ ቢታመም በቦታው የሚጫወተው ተዋናይ ነው፤ ሱዙኖጆ እንዲታመም በየቤተ መቅደሱ ይለምናል የሚባልለትም እሱ ነው። ኢናሙራ ገላ መታጠቢያ ቤት አገኘው፣ ገና እንፋሎት እየተነነለት።

“እኔ? ጠዋቱን በሙሉ እዚህ ነበርኩ! ስዘፍን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶኛል።”

“እውነቱን ነው” አለች በሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት። “ሁለት ደንበኛ ሳይታጠብ ወጥቶብኛል።”

ኮሄይ ሰደባት፤ እሷም አልቀረችም። ከዚያ ኢናሙራ ሥዕሉን ዘረጋለት። ኮሄይ ሊስቅ አፉን ከፈተ። አልሳቀም። እጁን በፎጣው አደራርቆ ወረቀቱን በጫፉ ያዘው፣ ዓይኑን አስጠግቶ ፀጉሩ ከጆሮ ግንዱ የሚነሳበትን ቦታ አየ። እዚያ ላይ እያንዳንዷ ዘለላ ከእውነተኛ ፀጉር ቀጥና፣ ሳትቆረጥና ከጎረቤቷ ሳትጣበቅ ትወርዳለች።

“መርማሪ” አለ በመጨረሻ፣ በሌላ ድምፅ። “እኔ ይህን ሰውዬ እጠላዋለሁ። ስለ ጥላቻ ልንገርህ? የሚጠላ ሰው ለአንዲት ዘለላ ፀጉር ይህን ያህል አይጨነቅም። እኔን እንዲህ አድርጎ የሚቀርፀኝ ይገኝ እንጂ፣ የሬሳ ልብስ አይደለም ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ ክዳኑን ራሴ እዘጋለሁ።”

ኢናሙራ ይህን ይዞ ወጣ። በመንገዱ ላይ ያለችው ድልድይ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ከጀርባው በኩል ወደ ፀሐይ አነሳው። ሰሌዳ ላይ የተቀረፀ ነገር ወረቀት ላይ ሲወጣ ተገልብጦ ነው፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ። ስለዚህ ሠዓሊ የሳለውን ወረቀት በፊቱ ደፍተው ሰሌዳው ላይ ይለጥፉታል፣ ቀራፂው በዚያ ላይ ይቀርፃል፤ ሲታተም ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ጀማሪ ይህን ዘንግቶት ቢሆንስ? ሊረግም ሳይሆን፣ ሳያውቅ?

ፀሐይዋ ሥዕሉን ከጀርባ አበራችው። ኪሞኖው ተስተካከለ፤ ግራው ከላይ ሆነ፣ ሱዙኖጆ ከሞት ተነሳ። ኢናሙራ ፈገግ ሊል ሲል ነጥቧን አያት። ነጥቧ ቀኝ ዓይን ሥር ሄዳለች።

ፈገግታው ጠፋ። ሥዕሉ በሙሉ ተገልብጦ ቢሆን ነጥቧም አብራ ትገለበጥ ነበር። ፊቱ ትክክል ነው፤ ልብሱ ብቻ ነው የተሳሳተው። ፊቱን እንዲህ አስተካክሎ የሠራ ሰው መገልበጡን ያውቃል። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ልብሱን የሚሳሳተው አውቆ ነው። አለቃ ቶዶ ልክ ሊሆን ነው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከዕለቱ ሁሉ የከፋ ሐሳብ ነበር።

* * *

የያሱኬ ሚስት ኦኑይ በሩን የከፈተችው ሆዷን በአንድ እጅ ደግፋ ነው። ጥቁሩን ካፖርትና በወገቡ የተሻጠውን የብረት በትር ስታይ ሌላውን እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“አባባ አያውቅም” አለች በሹክሹክታ። “ያሱኬ እንጨት ሊገዛ ወንዝ ማዶ ሄዷል ብዬዋለሁ። በእግዜር ጌታዬ፣ አይንገሩት።”

“እንግዲያው እኔም እንጨት ነጋዴ ነኝ” አለ ኢናሙራ። የተናገረው ለቀልድ ያህል ነበር። የከተማውን ጥበቃ ካፖርት የለበሰ ሰው እንጨት ነጋዴ ነኝ ቢል ውሻ እንኳ አያምነውም።

ማንሳኩ ከመስኮቱ ሥር፣ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው ተቀምጠዋል። ነጭ ጢም፣ ቀጭን አንገት፣ ቢላዋን የያዘው እጅ ግን የሃያ ዓመት ልጅ እጅ ነው። ቀና አሉና ካፖርቱን፣ በትሩን፣ ፊቱን ፊት ለፊት አዩት።

“እንጨት ነጋዴ ነው አባባ” አለች ኦኑይ፣ ድምጿ እየተሰበረ።

“እሰይ! ግባ ልጄ፣ ግባ። የቼሪ እንጨት ይዘሃል? ያለፈው ጊዜ ያመጣህልኝ ቋጠሮ የበዛበት ነው፤ እሱ እንኳን ለፊት ለእንጨት ጫማም አይሆን።”

ኢናሙራ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ኦኑይን አያት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። የኤዶ ታላቁ የራስ ቀራፂ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ይህን የሚያውቁት በዚህች ቤት ጣራ ሥር ያሉት ብቻ ናቸው።

“ምን እየቀረፁ ነው አባባ?”

“የአንዲት አሻሻጭ ራስ፤ የሩዝ ኬክ ማስታወቂያ ነው። ምን ይደረግ፣ ጊዜው ነው።” ሳቁ። አውራ ጣታቸው በሰሌዳው ላይ ቀድሞ ይሄዳል፣ ቢላዋ ይከተላል። “እኔ ራስ ብቻ ነው። ፊትና ፀጉር። ልብስ የያሱኬ ነው፤ በዚህ ሥራ አንዱ የሌላውን አይነካም። እኔ ልብስ ስቀርፅ ያሱኬ አልተወለደም ነበር። ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያኔም ሌላው የለጠፈውን ተከትሎ መሄድ ነው።”

ኢናሙራ በብብቱ የያዘውን ወረቀት በእጁ ዳሰሰ።

“ዛሬ ቢጠይቁዎትስ? ያለ ሠዓሊ፣ ያለ የተለጠፈ ወረቀት፣ ከራስዎ ብቻ?”

“ልብስ? ልብስ ምን ዕዳ አለው! ሰው ሲለብስ ስንት ዓመት አይቻለሁ። እንዳየሁት መቅረፅ ነው።”

“ፊትስ?”

ሽማግሌው ቢላዋን አቆሙ። “ፊት ሌላ ነው። ፊት እኔ ዘንድ ተገልብጦ ነው የሚኖረው። ሰው ከፊቴ ሲቀመጥ እንኳ ተገልብጦ ነው የማየው። የኦኑይን እናት ይኸው ከሞተች ጀምሮ ስናፍቃት፣ ግራ ጉንጯ ላይ የነበረውን ስርጉድ ቀኝ ላይ ነው የማገኘው። አልቆጣትም። ሙያዬ ነው።”

ኦኑይ ጓዳ ገባች። እዚያ ሆና አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ።

“የሱዙኖጆን ፊት” አሉ ማንሳኩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ “ገና ድምፁ ሳይወፍር ጀምሮ ቀርፄዋለሁ። አገጩ ሲሾጥ፣ ዓይኑ ሥር ድካም ሲገባ፣ ሁሉን በዚህ ቢላዋ ነው የተከተልኩት። አዋጁ ከወጣ ወዲህ ግን አልነካሁትም። ሰው ልጁን እንዳያይ ሲከለከል ምን ይሆናል? አሁንም መልበሻ ክፍሉ እየሄድኩ ጥግ እቀመጣለሁ፤ ደረጃውን እግሬ ያውቀዋል። ዱቄቱን አሽትቼ እመለሳለሁ።” ከዚያ ጠጋ አሉ፤ ፊታቸው ላይ የልጅ ተንኮል መጣ። “አንተ እንጨት ነጋዴ ነህ፣ ቲያትር ሰፈር ትውላለህ። ሰዉ ስለ አንድ ስጦታ ሲያወራ አልሰማህም?”

“ምን ዓይነት ስጦታ?”

“እንዲሁ ነው። ምንም አይደል።”

ኢናሙራ ጉሮሮውን ጠረገ። “ሰምቻለሁ አባባ። ባለቤቱ ሲያየው መቆም አቅቶት ወደቀ ነው የሚባለው።”

“ወደቀ?”

“ወለል ላይ።”

ማንሳኩ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። “ወይ ሱዙኖጆ! ድሮም ማጋነን ይወዳል!”

* * *

ኦኑይ እስከ በሩ ሸኘችው። ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

“የኪሞኖውን ነገር ሲያወሩ ጊዜ ገባኝ” አለች። “እንዳየው ነው ያለበሰው፤ ብቻውን ሲያትመው ተገለበጠ። ለማየት ደግሞ ዓይን የለውም።” የበሩን መቃን ጨበጠች። “ጌታዬ፣ ሕይወቱን በሙሉ አንድ ፊት አላበላሸሁም እያለ ነው የኖረው። ልጁን የሚያህለውን ሰው ለሬሳ አለበስከው ብትሉት፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው የሚደፋ። ባሌንም አትውሰዱብኝ። ሁለቱንም አትውሰዱብኝ።”

“ያሱኬ ፀጉሩን አይቶ ነው ያወቀው።”

“እንዴት አያውቅ! ያንን ፀጉር ሌላ ማን ይቀርፃል?”

ጥበቃ ቤት ሲመለስ ኢናሙራ ያሱኬን አንድ ነገር ብቻ አለው። “አንተ ብትቀርፀው ኖሮ ኪሞኖው ልክ ይሆን ነበር።”

“ሲጀመር” አለ ያሱኬ፣ እንባውን በትከሻው እየጠረገ፣ “እጥፋቱንም አበላሽቶታል። እጅጌ እንደዚያ አይወድቅም። ጠይቆኝ ቢሆን አሳየው ነበር። ግትር ሽማግሌ!”

“ዝም ካልክ ደሴት ነው።”

“ከተናገርኩ እሱ ነው። እጁን በሰንሰለት ያስሩታል፤ ለቀራፂ ሞት ነው። ከዚያ በፊት ግን ስህተቱን መስማቱ ራሱ ይገድለዋል። አንተ ምን ታደርግ ነበር?”

ኢናሙራ የያዘውን ወረቀት አየ። ስም የለበትም። ማኅተም የለበትም። ቀኙ ከላይ ነው።

ብድግ አለ። “ሙቀቱ ሲጀምር ቲያትር ቤቱ ምን ዓይነት ተውኔት ነው የሚያሳየው?”

“የመንፈስ። ሁልጊዜ የመንፈስ ነው፤ ሰዉ ብርድ ብርድ እንዲለው። ለምን?”

መርማሪው ግን መንገድ ላይ ነበር።

* * *

ሱዙኖጆ ቤቱ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ቀጭን የብር ፒፓ እያጨሰ፣ የሚሞት ሰው ይመስል ነበር። በመምሰል ደግሞ የሚስተካከለው የለም።

“መርማሪ፣ ገዳዬን አገኙት?” አለ በዚያ ለስላሳ የሴት ድምፁ።

“አገኘሁት። ዓይኑ አያይም፤ አንተን ከልጅነትህ ጀምሮ ያውቅሃል፤ ስጦታዬን ሲያይ በደስታ ወደቀ ብሎ እየሳቀ ነው።”

ፒፓው ከከንፈሩ ራቀ።

ኢናሙራ ሁሉንም ነገረው። ሱዙኖጆ መሃል ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። ሲጨርስ ሥዕሉን እንዲሰጠው እጁን ዘረጋ፤ በዚህ ጊዜ ልብሱን በመዳፉ ሸፍኖ ፊቱን ብቻ አየ። ከጆሮ ግንዱ ጀምሮ በጥፍሩ ፀጉሩን ተከተለ።

“እጁ ደክሟል ብዬ ነበር” አለ። የሴት ድምፁ ጠፍቶ፣ የደከመ የወንድ ድምፅ ወጣ። “ሶባ ቤት ውስጥ። ሰው ፊት። መልበሻ ክፍል ጥግ ላይ ሲቀመጥ የመጨረሻ ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም ነበር፤ ቂም የያዘብኝ መስሎኝ ተናድጄ ነው። ለካ አያይም።” ዓይኖቹ ሞሉ። “በምን አየኝ ታዲያ? ይህቺን መስመር እኮ እኔ ራሴ መስተዋት ላይ አላውቃትም ነበር።”

“አሁን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ከባድ ነው።”

“ክሱን አነሳለሁ፤ ምኑ ይከብዳል?”

“እሱ አይበቃም። ይህ ሥዕል ተዋናይ ከሆነ የሠራው ሰው ወንጀለኛ ነው። የመንፈስ ሥዕል ከሆነ ግን መንፈስ አልተከለከለም፤ የሞተች ሴት መንፈስ ደግሞ ቀኙን ከላይ ነው የምትለብሰው። አለቃዬ ፊት ቆመህ ‘ይህ ፊት የኔ አይደለም’ ትላለህ።”

ሱዙኖጆ ሥዕሉን ደረቱ ላይ ለጠፈው። “ከተማዋ ፊቴን በሥዕል ካየች ስንት ጊዜዋ ነው! ከመድረክ ስወርድ ማንም አያስታውሰኝም። አንድ ሰው አስታወሰኝ። አንድ! ይህን ነው አይደለሁም የምለው?”

ለአለቃው የሚዋሽ መርማሪም ሥራውን፣ ምናልባትም አንገቱን ያጣል። ኢናሙራ ይህን አልነገረውም።

ተዋናዩ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ጮክ ብሎ ተጣራ። “ታሄይ! ልብሴን አምጣ። ጥሩውን።”

* * *

አለቃ ቶዶ ሥዕሉን ከሱዙኖጆ ጉንጭ አጠገብ ይዞ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አየ።

“አንተ አይደለህም?”

“አይደለሁም ጌታዬ። በሚቀጥለው ወር የምንጫወተው መንፈስ ናት። የሞተች ሴት ምን እንድትለብስ ይፈልጋሉ?”

“ታዲያ ለምን ወደቅህ?”

“ቁርስ አልበላሁም። ታሄይ ደግሞ ወገቤን እንደ ነዶ ነው የሚያስረኝ።”

“ነጥቧስ? ይህቺ ነጥብ?”

“ዓሣ ሻጩ ኪሱኬም እንዲህ ያለ ነጥብ አለው። እስካሁን ተዋናይ አላደረገውም።”

“ያሱኬ ቀርፄዋለሁ ብሎ አምኗል!”

“መንፈስ ነው የቀረፅኩት ባይልም፣ ተዋናይ ነውም አላለም” አለ ኢናሙራ ከጥግ። “የጠየቀው የለም።”

“የሶባ ቤቱ ዛቻ የቤተሰብ ጠብ ነው” ሲል ቀጠለ ሱዙኖጆ። “ጥፋቱም የኔ ነው። ታላቄን ሰደብኩ።”

አለቃ ቶዶ ወረቀቱን እንደገና አየ። ሞኝ አልነበረም፤ ችኩል ብቻ ነው። የያዘውን ነገር ሳያውቅ አልቀረም። “ግን እኮ” አለ ዝግ ብሎ፣ “እንዴት ታምራለች።”

“ለዚህ እኮ ነው እኔ ያልሆንኩት” አለ ሱዙኖጆ። ከተናገራቸው ቃላት ሁሉ ድምፁ የተሰበረው እዚህች ላይ ብቻ ነው።

“ባለቤቴ የመንፈስ ሥዕል ትወዳለች” አለ አለቃው፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ብብቱ እየከተተ። “ሰውየውን ልቀቁት።”

ሱዙኖጆ እጁ ትንሽ ተነሳ። የእሱ ያልሆነን ነገር መጠየቅ አይችልም። እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረና በሥርዓት እጅ ነሳ።

* * *

ፀሐይ ሳትጠልቅ በማንሳኩ መንደር ያሉ ሴቶች ሁሉ በየበራቸው ወጡ፤ ሱዙኖጆ በእግሩ ሲመጣ ታይቶ አያውቅማ። በሩን የከፈተው ያሱኬ ነው። ተያዩ።

“ጎንበስ በል” አለ ያሱኬ፣ እንዳኮረፈ። “ጣራችን ለትልቅ ሰው አልተሠራም።”

ሱዙኖጆ ጎንበስ አለ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጎንበስ አለ፤ ለቅጽበት እንደዚያው ቆየ። ያሱኬም ሳይወድ በግድ ከመንገዱ ዞር አለ።

“ይህ እርምጃ!” አሉ ማንሳኩ ከመስኮቱ ሥር። “ልጄ፣ ወደቅክ አሉኝ።”

“ወደቅሁ አባባ።”

“ሰው ይጎዳ የለም እንዴ? ሁልጊዜ ማጋነን!” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ፀጉሩን አየኸው? ከጆሮህ በላይ ያለውን?”

“አየሁት። አንዷም ከአንዷ አልተጣበቀችም።”

“አገጩስ? ትንሽ ወፈር አድርጌው እንደሆነ ብዬ…”

“አላወፈርከውም። እኔ ነኝ የወፈርኩት፤ አንተ ግን ምረኸኛል።”

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቁ ደግሞ ቀስ እያለ ቆመ። ጣቶቻቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ዳሰሱ።

“ልብሱስ?” አሉ። “እውነቱን ንገረኝ። ልብስ የኔ ሙያ አይደለም።”

ጓዳ ውስጥ የያሱኬ ቢላዋ ቀጥ አለ። ሱዙኖጆ ጠጋ ብሎ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

“ልብሱን አላየሁትም አባባ” አለ። “ፊቱ ላይ ነው የዋልኩት።”

ማንሳኩ ይህን በአፋቸው ውስጥ እንደ ጣፋጭ ነገር ለትንሽ ጊዜ ያዙት።

“ድሮስ” አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸው እየበራ፣ “ልብስ ማን ያያል!”

“ሰምቻለሁ እኮ!” አለ ያሱኬ ከጓዳ።